ግራ የገባት

አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ እጁን ሲያወጣ ካየሁ ያመኛል። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ክፍል ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ «እንዴት ያሉ ንቁ ልጆች ናቸው!» ይላል። እኔ ግን አፌ ውስጥ ከረሜላና ጠመኔ የተቀላቀለበት ጣዕም ይመጣብኛል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ፍለጋ መሮጥ ነው። አብረውኝ የሚያስተምሩት «ሱሀይላ ጨጓራ አለባት» ይላሉ። ጨጓራስ ቢሆን መድኃኒት አለው። የእኔ በሽታ ኪዳኑ የሚባል ሰው ነው።

ያኔ እንዲህ በባዶ ስሙ አልጠራውም ነበር። ኮምቦልቻ አራተኛ ክፍል ስማር እሱ «ቲቸር» ነበር፤ እቤት ሳወራ ደግሞ «ቲቸር ኪዳኑ እንዲህ አሉ፣ ቲቸር ኪዳኑ እንዲያ አሉ» እያልኩ የእናቴን ጆሮ አደነቁር ነበር። አንቱታውን ፊት ለፊት ሳገኘው ዛሬም አልነፍገውም፤ ለራሴ ሳወራ ግን ትቼዋለሁ።

ኪዳኑ ረዘም ያለ፣ ኮት የማያወልቅ ሰው ነበር። ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሙቀቱን ያውቀዋል፤ ግንቦት ላይ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። እሱ ግን ያን ቡናማ ኮቱን እንደለበሰ ያልበዋል እንጂ አያወልቀውም፤ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አለዋ። ክረምት በመጣ ቁጥር ደሴ እየወጣ ዲግሪውን ይማር ነበር፤ አንድ ዓመት ታዲያ ሳይኮሎጂ የሚባል ነገር ተምሮ ወረደልን። መጀመሪያ የሚበላ ነገር መስሎን ነበር፤ «ሳይኮሎጂ» ካለ በኋላ እጁን ኪሱ ከትቶ ያወጣው ከረሜላ ነበርና። «የመለሰ ይበላል። ይህ ማጠናከሪያ ይባላል» አለን።

ያ ከረሜላ ከጠመኔ ስብርባሪ ጋር ኪስ ውስጥ ስለሚከርም ነጭ አቧራ ለብሶ፣ በላቡ ሙቀት ላልቶ፣ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ነበር የሚወጣው። ወረቀቱ አልላቀቅ ሲለው በጥርሱ ልጦ የመለሱትን ያጎርሳቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል። ያኔ ግን ገና እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ስንሰማ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ምራቁን ይውጥ ነበር። እኔም እውጥ ነበር።

የእኔ መዋጥ ብቻ ሆኖ ቀረ እንጂ ከረሜላው ደርሶኝ አያውቅም። ተጠርቼ አላውቅማ! በዚያ ዕድሜዬ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን «ሱሀይላ» ተብዬ፣ ብድግ ብዬ፣ የማውቀውን ተናግሬ መቀመጥ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ለመንገድ እለማመደው ነበር፤ ራሴ እጠራለሁ፣ ራሴ አቤት እላለሁ፣ ራሴ እመልሳለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ «ይች ልጅ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የማልጠራበትን ምክንያት ያኔ አላውቀውም። ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ደብተሬ ነው። ግራኝ ነኝ፤ እናቴ ጣይባ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ገና ድክ ድክ ስል ጀምሮ በግራዬ የሚበላ ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ይኸ ግራ ከየት ገባብሽ? ቢስሚላህ በይ፣ በቀኝሽ!» እያለች እጄን ትመታው ነበር። ግራ እጅ ለመጸዳጃ ነው፤ በግራው የሚበላው ሸይጧን ነው። ለጎረቤቶቻችንም «ልጅቱ ግራ ገብቶባት ተቸገርኩ» ትላቸው ስለነበር፣ ግራ ማለት እንደ ጉንፋን ሰው ውስጥ የሚገባ ነገር ይመስለኝ ነበር። እርሳስም በቀኜ ያዝኩ። ፊደሌ ታዲያ ዶሮ የጫረችው መሰለ፤ አንድ መስመር ገልብጬ ሳልጨርስ ሰሌዳው ይጠፋብኛል። ኪዳኑ ደብተሬን ያነሳል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ መልሶ ይወረውርልኛል። የማውቀውን ነገር ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

የማውቀው ነገር ደግሞ ነበረኝ። እናቴ የባቄላ ንፍሮ በጨው ስትቀቅል ድስቱን ገለጥ አድርጌ የክዳኑን ጠብታ መላስ እወድ ነበር። ንፍሮው ጨው ነው፤ ጠብታው ግን አልጫ ነው። እንዴት እንደዚህ እንደሚሆን ስለከነከነኝ ደጋግሜ ላስኩት፤ ሁልጊዜም አልጫ። ጨው ከድስቱ መውጣት አይችልም፣ ውሃው ብቻውን ነው የሚወጣው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ «አንች ድመት!» ብላ በማማሰያ ታባርረኛለች።

አንድ ቀን ኪዳኑ የክፍሉን በር ዘጋና «ከደሴ እንግዶች ሊመጡ ነው» አለን። የእሱን ማስተማር አይተው ሊፈርዱ እንደሚመጡ፣ ጥሩ ካሉት እድገት እንደሚያገኝ አልገባኝም፤ እኛን ሊጠይቁ የሚመጡ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ በየዴስኩ እየዞረ በእያንዳንዳችን ጆሮ አንድ አንድ ቃል ይናገር ጀመር። ትንፋሹ ሽንኩርትና ሲጋራ ይሸታል። ከፊቴ የሚቀመጠው ሙንዚር፣ የክፍላችን አንደኛ፣ «ቀኝ» ተባለ። አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ ሙና «ግራ» ተባለች። እኔ ጋ ሲደርስ ደብተሬን አየት አደረገና «አንቺም ግራሽን» አለኝ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! አንድ ትልቅ ሰው ግራ እጄን «አውጪው» ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ግራ እንደገባብኝ ቲቸር አውቋል፤ አውቆም አልተጸየፈኝም። ሙና ግን በቀኟ ነበር የምትጽፈው፤ እሱ ትንሽ ከነከነኝ። ኋላ ለሱም መልስ አገኘሁለት፤ ሙና የተደበቀ ግራ አለባት፣ ቲቸር በሳይኮሎጂ አይቶባታል።

«ጥያቄ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ» አለ ኪዳኑ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ። «አንድም እጅ ዴስክ ላይ እንዳላይ። ቀኝ ያልኩት ቀኙን፣ ግራ ያልኩት ግራውን። ከዚህ በር ውጭ ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ። ሰማችሁ?»

«ሰምተናል ቲቸር!»

ጠየቀ፤ ክፍሉ በሙሉ እጅ በእጅ ሆነ። ሙንዚርን ጠራ። ደግሞ ጠየቀ፤ ሌላ ቀኝ ጠራ። ግራዎቹ እጃችን እስኪዝል ሰቅለን ቀረን። ሙና ፊቷ ጠቁሮ ስላየኋት «አብሽሪ፣ የግራዎችም ተራ ይደርሳል» አልኳት። ፊቷን አዞረችብኝ። እሷ ያኔውኑ ገብቷት ነበር፤ እኔ ግን እንዳኮረፈች ነው የቆጠርኩት።

የዚያን ቀን ራት ላይ እጄን ታጠብኩና ያለ ምንም ፍርሃት በግራዬ ቆርሼ ጎረስኩ። እናቴ እጄን ቀብ አድርጋ ያዘችው።

«አኡዙ ቢላህ! ምን ሆነሻል አንች?»

«ቲቸር ኪዳኑ ናቸው ግራሽን አውጪ ያሉኝ።»

«የት? በሰው ፊት?»

«አዎ። እንግዶች ሲመጡም በግራዬ ነው የማወጣው። እሳቸው ግራዬን ይወዱታል።»

እናቴ ጉርሻዋን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠች። የዚያን ዕለት ተጨማሪ አልበላችም። በማግስቱ ጠዋት ሻርፗን ተከናንባ፣ እኔን እየጎተተች ትምህርት ቤት ደረሰች። ኪዳኑ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። «አንች ግቢ» ብላ ወደ ውስጥ ገፋችኝ፤ እኔም በሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ።

«እንደምን አደሩ መምህር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በጠዋት፣ በደህና?»

«ኸይር ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ይችን ልጅ በግራ አውጪ ብለዋታል አሉ። አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ግራ እጅ ለምን እንደሆነ ያውቁታል። እኔ ይኸ ግራ ከገባባት ጀምሮ ስታገለው ኖሬ፣ አንቱ በሰው ፊት ያስወጧት? ዳይሬክተሩ ይህን ያውቃሉ?»

ኪዳኑ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ዞር ብሎ ሲያይ በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናት፣ ቀስ ይበሉ። ዳይሬክተሩ ጋ የሚያደርስ ነገር አይደለም። ሳይኮሎጂ የሚለውን ልንገርዎት። ግራ የሚቀናቸው ልጆች በግድ ወደ ቀኝ ሲመለሱ ይጨነቃሉ፤ ጽሕፈታቸውም ይበላሻል። የሱሀይላን ጽሕፈት አይተውት የለ? ልጅዎ ደካማ ሆና አይደለም፤ እጇ ተቀይሮባት ነው። እንድትደፋፈር ብዬ ነው ግራሽን ያልኳት።»

«ወላሂ?»

«ደሴ የተማርነው ነው።»

እናቴ በቀጭን ድምፅ «መብላቱስ?» አለች።

«መብላቱ የእርስዎ ነው፤ በቀኟ ትብላ። እርሳሱን ግን በግራዋ ትያዝ።»

«አላህ ይስጥልኝ መምህር። እኔ ወልጄ ያላወቅኋትን ልጅ አንቱ አወቁልኝ። ዕድሜዎን ያርዝመው።» ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ። እናቴ በሰው ፊት ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እሷ እንደሄደች ጎረቤት ክፍል የሚያስተምረው አባይ ጠመኔውን እንደያዘ ብቅ አለ። «ምን ሆነው ነው?» አለው።

ኪዳኑ ላቡን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። «ሊያጋልጡኝ ነበር እኮ! ግራ የገባቸውን ልጆች ነው ግራ ያልኩት፤ ምን ልበላቸው ታዲያ?»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም በሩ ጀርባ ሆኜ አብሬ ፈገግ አልኩ። ግራ የገባቸው ልጆች! ቲቸር እኛን በእናቴ ቃል ነው የሚጠራን። ለጓደኛውም ስለኛ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ አለዚያ ያንቀኛል። ያ ለእናቴ የተነገራት ውሸት ሁሉ እውነት ነበር። ኋላ ደሴ ኮሌጅ ገብቼ የትምህርት ሳይኮሎጂ ስማር ቃል በቃል ማለት ይቻላል አገኘሁት፤ ግራኝ ልጅ አይገደድም፤ ጽሕፈቱ ያስቀረውን ልጅ አያውቅም ብሎ መፈረጅ ስህተት ነው። ኪዳኑ ሁሉንም ተምሮታል። አንድ ቀን ተቸግሮ ያን እውቀት ከኪሱ አወጣው፤ አንዲት እናት ለማባረር ተጠቀመበትና መልሶ ከተተው። እኔ ደግሞ በዚያ ውሸት ዳንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ እርሳስ በግራዬ እንድይዝ ለቀቀችኝ፤ ጽሕፈቴ ተቃና፣ ሰሌዳውን ደረስኩበት፣ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። የዛሬ እንጀራዬ የእሱ ውሸት ውጤት ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንጀራው ይመረኛል።

እንግዶቹ ሊመጡ ሲቃረቡ ሥራ ተከፋፈልን። ቀኞቹ ከኪዳኑ ጋር ሰሌዳ ፊት ቆመው መልስ ይሸመድዳሉ። ግራዎቹ እበት እየለቀምን አምጥተን የክፍሉን ወለል ለቀለቅን፤ አቧራው እንግዶቹ ጫማ ላይ እንዳይነሳ። ከኋላዬ «ትነት ማለት… ጤዛ ማለት…» እያሉ ሲደጋግሙ እየሰማሁ ተንበርክኬ በሁለት እጄ እለቀልቅ ነበር። ለክፍላችን የምንደክመው እኛ ነን ብዬ ኮራሁ። አሁን አሁን ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ አንዷ ልጅ ወለል ስትጠርግ ሌላው ሲማር ካየሁ መጥረጊያውን እነጥቃታለሁ። ልጆቹ ያበድኩ ይመስላቸዋል።

ቀኑ ደረሰ። ከደሴ የመጡት እንግዶች መሪ ወይዘሮ ሰርካዲስ የሚባሉ፣ መነጽር ያደረጉ ደርበብ ያሉ ሴት ነበሩ። በደሴ ብርድ የለበሱትን ወፍራም ሹራብ እንደለበሱ ስለወረዱ የክፍላችን ሙቀት ሲቀበላቸው ፊታቸው ቀላ። እበቱ ገና አልደረቀም ነበር፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፈን አድርገው ኋላ ተቀመጡ። እኔ እጄን ደጋግሜ ታጥቤ ነበር፤ ሽታው ግን ከጥፍሬ ሥር አልወጣም።

ኪዳኑ ነጭ ጆንያ ላይ የሣለውን ሥዕል ሰቀለ፤ ባሕር፣ ፀሐይ፣ ደመና፣ ዝናብ። «ውሃ በፀሐይ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ ምን ይባላል?»

እጆቻችን በሙሉ ተሰቀሉ። ከወይዘሮ ሰርካዲስ ጎን የተቀመጡት ሰውዬ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙንዚር መለሰ፤ ተጨበጨበ፤ ከረሜላው ተንኮሻኮሸ። ሌላ ጥያቄ፤ ሌላ ቀኝ፤ ሌላ ጭብጨባ። እኔ ግራዬን ከሁሉም በላይ ሰቅዬ «ዛሬ፣ ያረቢ ዛሬ» እላለሁ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሰርካዲስ ብድግ አሉ። «እኔም አንዲት ጥያቄ ልጠይቅ። ልጆች፣ ዝናብ ከባሕር ከመጣ፣ የባሕር ውሃ ደግሞ ጨው ከሆነ፣ ዝናብ ለምን ጨው ጨው አይልም?»

ይህ አልተሸመደደም ነበር። የቀኞቹ እጅ አንድ በአንድ ወረደ። ሙንዚር ኪዳኑን አየ፤ ኪዳኑ ጆንያውን አየ። ግራዎቹም ቀኞቹ ሲያወርዱ አይተው አወረዱ። የእኔ ግን እዚያው ነበረ። አውቀዋለሁ! የንፍሮው ክዳን! ክፍሉ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ግራ ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

ኪዳኑ አየኝ። ዓይናችን ተጋጠመ። እጄን አየ፤ ግራ መሆኑን አየ፤ ፈገግ አለልኝና ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። «ጊዜያችን አልቋል» አለ።

«ያቺ ልጅ እጇን አውጥታለች እኮ» አሉ ወይዘሮ ሰርካዲስ።

ኪዳኑ ጠጋ ብሎ በዝግታ ተናገረ፤ እኔ ግን ሰማሁት። «እሷ እንኳ ትንሽ ግራ የገባት ናት።»

«ውይ!» አሉ ሴትዮዋ። ወደ በሩ ሲያልፉ አጠገቤ ቆመው ራሴን ዳበሱኝ። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ መነጽራቸው ሥር ዓይናቸው የራሰ መሰለኝ። ላብ ይሁን እንባ እንጃ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ በሩጫ ነው የሄድኩት። «እማ! እማ! ቲቸር ግራ እንደገባብኝ ለእንግዳዋ ነገሩልኝ፤ እሳቸውም ራሴን ዳበሱኝ!» እናቴ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያለች ግራ እጄን፣ ያን ስትመታው የኖረችውን እጅ፣ ሳመችው። ቲቸር ያልጠራኝ እንደማውቀው ስለሚያውቅ ነው ብዬ አስረዳኋት። የሚያውቁትን ሰው ምን ይጠይቁታል? በማግስቱ ኪዳኑ ደስ ብሎት ለክፍሉ በሙሉ ከረሜላ አደለ። የመጀመሪያ ከረሜላዬ ነበር። የኔን ወረቀት በጥርሱ ነው የላጠልኝ። ጠመኔ ጠመኔ ይላል፤ ሳላኝክ አፌ ውስጥ ሟምቶ እስኪያልቅ አቆየሁት።

ኪዳኑ እድገቱን አግኝቶ ደሴ ወጣ። እኔ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት ታዲያ የእኔም ክፍል ሊታይ ሆነና ጨነቀኝ። አንዱ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። «ምን ያስጨንቅሻል? የሚያውቀውን ቀኝ፣ የማያውቀውን ግራ እንዲያወጣ አለማምጂው። ክፍሉ በሙሉ እጅ ያወጣል፤ አንቺ ቀኝ ቀኙን እየመረጥሽ ትጠሪያለሽ» አለኝ። ለመጸዳጃ ቤት አልደረስኩም፤ ደጁ ላይ አስመለሰኝ። ጨጓራዬ የሚባለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

እንዲያም ሆኖ አንድ ጥግ ለኪዳኑ አስቀርቼለት ነበር። ሌሎቹን እንደዚያ አድርጓል፤ ለእኔ ግን፣ ለእናቴ የነገራት ግን፣ ያን እንኳ ከልቡ ብሎት ይሆናል እል ነበር። እናቴ እስካሁን ዱዓ ስታደርግ ስሙን ታነሳለታለች፤ እኔም አላስቆምኳትም።

ዘንድሮ ስለ ውጤታማ ማስተማር ሥልጠና አለ ተብለን ደሴ ተጠራን። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተን ስንደርስ ከተማው ጉም ለብሷል፤ የኮምቦልቻዎቹ በስስ ልብሳችን እንንቀጠቀጣለን። አዳራሹ ፊት ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ሳይኮሎጂ የሚለውን ቃል ገና ሳነበው አፌ መረረኝ። አሰልጣኙ ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮቱ አመድማ ሆኗል፤ ቀኝ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ነው።

ጠየቀ፤ የመለሰ ሰው ከረሜላ ተወረወረለት። ጡረታቸው የተቃረበ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ከረሜላ ለመቅለብ ከወንበራቸው ሲነሱ አየሁ። ያስጠላል። እሱም እንደተወደደ ሲያውቅ ጨዋታ አመጣ።

«እኛ በኛ ጊዜ ዘዴ ነበረን» አለ እየሳቀ። የቀኝና የግራውን ነገር አወራ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሁሉም ያውቀዋላ። «አንድ ጊዜማ አንዲት እናት መጡብኝ፤ ልጄን ለምን ግራ አልክብኝ ብለው አፋጠጡኝ። ምን ልበላቸው? ልጅዎ ደደብ ናት ልበል? ግራኝ ልጅ አይገደድም ይላል ሳይኮሎጂ አልኳቸው። አምነው፣ አልቅሰው፣ መርቀውኝ ሄዱ! ሳይኮሎጂ ማለት እንዲህ ነው ወገኖቼ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች። ለእሱ ያስቀረሁለት ጥግ ያን ጊዜ ተዘጋ። እናቴ በዚያ ጠዋት ሻርፗን እንዴት እንዳጣፋች፣ ድምፅዋ እንዴት እንደተሰበረ ትዝ አለኝ። ሃያ ዓመት የተጠጋ ዱዓዋም ትዝ አለኝ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ኪዳኑ።

እጄን አወጣሁ። አስቤበት አይደለም፤ እኔ ሌላ የማወጣው እጅ የለኝም። ብዙ እጅ ወጣ። ዓይኑ በእኔ ላይ አልፎ ወደ ሌላ ሄደ፤ አንዱን ጠራ። ደግሞ አየኝ፤ ደግሞ አለፈኝ። ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ ለምን እንደሚያልፈኝ ራሱም አያውቀው ይሆናል። ሌሎቹ ጠይቀው ጨረሱ። የእኔ ብቻ ቀረ። ኪዳኑ ሰዓቱን አየ።

«ጊዜያችን አልቋል» አለ።

ብድግ አልኩ። ማንም አልጠራኝም።

«ጨው አብሮ አይተንም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ውሃው ብቻውን ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ጨው ባሕሩ ውስጥ ይቀራል። ዝናብ ጨው ጨው የማይለው ለዚህ ነው። የንፍሮ ድስት ክዳን ላይ ያለውን ጠብታ የላሰ ሁሉ ያውቀዋል።»

ኪዳኑ ቅንድቡን ሰቅሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ይቅርታ እህቴ» አለ፤ «ምን ለማለት ነው? ግራ ገባኝ።»

«እንግዲያው ግራ እጅዎን ያውጡ» አልኩት።

አላወጣም። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ሲርመሰመስ አየሁት፤ የከረሜላው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ ይህን ሁሉ ተምሬ፣ አፌ ምራቅ ሞላ። ደጅ ወጥቼ ተፋሁት።